መኪናዬን ከፍ ያደረጓት ቀን

ኮልፌ ውስጥ ዝቅ ያለች መኪና የሚነዳ ሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ምክር ይሰማል። «ለምን ከፍ አታስደርጋትም?» ይሉታል። የሚኒባስ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይለዋል። ባለሱቁ ዳቦ እየጠቀለለ ይለዋል። በዕድሜው መሪ ጨብጦ የማያውቅ ዘበኛ ሳይቀር ዱላውን ተደግፎ፣ ከጎማው ሥር አጎንብሶ አይቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይለዋል።

ምክሩ ከክፋት አይመጣም። በዚህ ከተማ ትንሽ መኪና የገዛ ሰው፣ የወንበር ልብስ ከማልበሱም በፊት፣ ጋራዥ ይወስዳትና ከሞላዎቿ ላይ ወፍራም የጎማ ቁራጭ አስገብቶ ከመሬት ያርቃታል። መንገዱ ያስገድዳል። ከፍ ያለች መኪና ብልህ ሰው የያዛት ናት። ዝቅ ያለች ግን ባለቤቷ ገና ያልገባው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገብቶኝ፣ አስቤበት፣ ለክቼ ነው ዝቅ ያደረግኳት። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን አልተሳካልኝም።

የኔዋ ሁለት በር ያላት የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። በዕድሜ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ሲጠፉ ተመልሰው ይገባሉ። የግራው ግን የሚገባው ሲፈልግ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ «ጠቀሰችኝ» እያለ ይስቅባታል። ቤታችን ቀራንዮ ነው። ከአስፋልቱ ወደኛ የሚያስገባውን የኮብልስቶን መንገድ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆርጠዋል። ቦዩን ለመሻገር አንድ ዘዴ አለኝ። በሰያፍ መቅረብ፣ የቀኙን የፊት ጎማ ብቻ ማስገባት፣ ማቆም፣ መሪውን መመለስ፣ የግራውን ማስከተል። በትክክል ከሠራሁት አትነካም። ከኋላዬ ያለው ሰው ግን ጥሩምባውን ይዞ ይጮህብኛል፣ እኔም እቸኩላለሁ፣ ሆዷም ድንጋዩን ይፍቃል።

ስገዛት ከፍ ብላ ነበር። የቀድሞ ባለቤቷ ከፊት ሞላዎቿ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ቁራጭ አስገብቶባታል። ከኋላዎቹ ላይ ደግሞ፣ ስፈታው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ በሚስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። መካኒክነት የትም አልተማርኩም። እንጀራዬ አየር ጤና፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ መጠገን ነው። የስልክ ጥገና ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ፋብሪካ አንድን ዕቃ አንድ ቦታ ላይ ያስቀመጠው በምክንያት መሆኑን ነው። የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ ከኢንተርኔት አወረድኩ። ጃፓንኛ ነው። ገጽ በገጽ በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ አነበብኩት። ከፊት ጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ሠላሳ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል፣ ከኋላ ሠላሳ ስድስት ይላል። እዚያ ልክ ላይ ለማድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሞላዎቹን ሶማሌ ተራ ከተገለበጠች እህቷ ላይ አገኘሁ። የላሸቁትን ጎሚኒዎች አንድ በአንድ ቀየርኩ። ሠላሳ ስድስት ከግማሽ በሜትሬ ላይ ያየሁ ቀን ለማንም አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የሠራሁት ከሱቄ ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ከስልሳ ያለፉ፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው እኛው መንገድ ላይ፣ ከቦዩ ማዶ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ጊዜ ውሃ የገባበት ስልካቸውን ይዘውልኝ መጡ። ስልኩ አልተረፈም። ውስጡ የነበሩትን የልጆቻቸውን ፎቶዎች ግን አውጥቼ በሌላ ስልክ ላይ ጫንኩላቸውና ዋጋ አልቀበልም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋራዡ የግራ ጥግ የኔ ሆነ። ስለ ኪራይ ባነሳባቸው፣ «ልጄ፣ አትሳደብ» አሉኝ።

ባለፈው ጥቅምት የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሆሳዕና ከተማ ነበር። መኪናዋ የኋላ ቀኝ ኩሽኔታዋ እየጮኸ ስለነበር ለጋሼ ትቼላቸው ሄድኩ። «ኩሽኔታውን ብቻ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው። «ብቻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ በደንብ አስታውሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ስመለስ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ?»

«ጨፍን ስልህ ጨፍን! ሽማግሌ ምነው አይባልም።»

ጨፈንኩ። ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ መሩኝ። ጭብጨባ ሰማሁ፣ የራሳቸው ነው።

«ክፈት!»

ሱሪ ያጠረበት ሰው ትመስላለች። በአራቱም ጎማዎቿና በፓራፋንጎዎቿ መሀል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይታያል።

«አምስት ሴንቲ!» አሉ። «ከጭነት መኪና ጎማ ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ሞርጄ። ያን ቦይ ስትሻገር የምታሰማውን ድምፅ ከመስጊድ ስመለስ ስንቴ እንደሰማሁት ታውቃለህ? እኔን ነው ሆዴን የሚፍቀኝ። ወላሂ፣ የራሴን ሆድ!»

«ጋሼ… ስንት ልክፈል?»

«አትሳደብ አልኩህ!»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ስህተቴ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ይኼን እኔ አልፈልግም» ማለት አራት ቃል ነው። ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ አባት በርቶ ነበር፣ እጃቸው ላይም ጎማ ሲቆርጡ የተቀደደ ጣት በጨርቅ ታስሮ አየሁ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ቦዩን እንደ ሚኒባስ ተሻገርኩት። ከፊት ለፊት የሚመጣው የሰፈራችን ታክሲ ሹፌር ፍሬን ያዘና፣ «ወንድም! ዛሬ ገና መኪና ገዛህ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ደግሞ ከበሩ ተንጠልጥሎ መኪናዬን፣ «ቀራንዮ፣ ቀራንዮ፣ አንድ ሰው ብቻ በይ!» አላት። ሰው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ከአየር ጤና ስወርድ ያለችውን መታጠፊያ ነበር የማስበው። ድሮ መሪውን ሳዞር አብራኝ ትዞር ነበር። አሁን መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ወደ ጎን ትጋደላለች፣ ከዚያ ትዞራለች።

ቤት ስደርስ ሁኔታው ባሰ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እሁድ እሁድ ወደ ጸሎት ቤት ስወስዳት፣ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ በሩን በአንድ እጅ፣ የኔን ትከሻ በሌላ እጅ ይዛ፣ «ጌታ ሆይ» እያለች ነው የምትወርደው። አሁን ቀጥ ብላ ገባችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ጌታ ይባርካቸው!» አለች። «እስከዛሬ ጉድጓድ ነበር የምወርደው። ዛሬ መኪና ገባሁ።»

በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ድመት ከፊት ጎማው አናት ላይ፣ በተከፈተው ቦታ መተኛት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ኮፈኑን በጡጫ መምታት ሥራዬ ሆነ።

እሁድ እናቴን ጸሎት ቤት አድርሼ ተመለስኩና ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አነሳኋት። አራቱንም ጎማ ቁራጮች አወጣሁ። ሥራቸው በጣም ንጹህ ነበር፣ ጠርዛቸው እንደ ሳንቲም የተስተካከለ። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከተትኳቸው። እናቴ ዘግይቼባት በታክሲ መጥታ ደረሰችብኝ።

«እሳቸው የደከሙበትን ልታፈርስ ነው?»

«እማዬ፣ ይኼ ፋብሪካው ያወጣላት ልክ ነው።»

«ፋብሪካው እኛ ሰፈር መጥቶ ያውቃል?»

ክሪኩን አወረድኩት።

ዘጠኝ ቀን ያህል መኪናዋን ከጋራዡ በማትታይበት በኩል፣ ከሱቆቹ ጥግ አቆምኳት። በአሥረኛው ቀን ጋሼ ቻርጀር ሊገዙ በዚያ በኩል መጡ። ከመኪናዋ አጠገብ ቆሙ። አጎነበሱ። ጣቶቻቸውን ከጎማው በላይ ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አልገባላቸውም።

«ያስገባሁት ጎማ ሰምጧል» አሉ።

ከሱቁ ወጣሁ። «ጋሼ…»

«ዝም በል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልፉን አምጣ።»

ሰጠኋቸው። ለምን ሰጠኋቸው? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ሱቁን ዘግቼ ጋራዥ ስደርስ የፊት ግራውን ሞላ አውርደው በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጎማው የለም። የለም፣ ምክንያቱም ከኋላቸው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በዕቃ መጫኛዋ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተኝቷል። የቀኙንም ፈቱ። እዚያም የለም።

«ወድቀዋል» አሉ በቀስታ። «መንገድ ላይ ወድቀዋል። ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ ልጅ፣ ልትሞት ነበር።» ወንበር ሳይፈልጉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ውሃ አመጣሁላቸው።

በማግሥቱ ከብረት፣ በቶርኖ የተጠረቡ አራት ቀለበቶች አሠርተው አስገቡ። ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ከፍ አለች። «ይኼ አይሰምጥም፣ አይወድቅም» አሉ። «እኛ እንወድቃለን እንጂ ይኼ አይወድቅም።» ከዚያም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ችግር የለም ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ልናገር ያልኩባቸውን ቀናት መቁጠር እችላለሁ። አንድ ቀን ጀምሬ ነበር። «ጋሼ፣ ስለመኪናዋ አንድ ነገር…» ስል አዛን ተሰማና፣ «ሰግጄ ልምጣ፣ እንዳትረሳው» ብለውኝ ሄዱ። ሲመለሱ ደንበኛ ይዘው ነው የመጡት። ደንበኛውን ወደኔ መኪና ወስደው ብረቱን በባትሪ አሳዩት። «እየው፣ ድንጋይ ነው» አሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ባትሪውን ያዝኩላቸው።

መኪናዋ እየተበላሸች ነበር። ገና አዲስ የነበሩት የፊት ጎማዎች ከውስጥ በኩል ተላጡ፣ ክሩ መታየት ጀመረ። ያን ቁጥር ጎማ ለማግኘት አምስት ወር ፈልጌአለሁ። ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ከፍ ብላ በነዳኋት ቁጥር ሁለቱ ጎማዎች እያለቁ ነው፣ እኔም ለሰው ስሜት ስል ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን ዝምታዬን አልሰበረውም። የሰበረው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ማክሰኞ ጋራዥ ስገባ ጋሼ በአንዲት ትንሽ መኪና ሥር ተኝተዋል። ከውጭ ሦስት መኪኖች ተሰልፈዋል። የሚያውቀኝ አንድ ባለታክሲ ግንብ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩት።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። እሳቸው ናቸው የጠሩኝ። ከፍ ያደረጉትን መኪና ሁሉ መልሰው እያዩ ነው፣ በነፃ። የአንድ ልጅ ጎማ መንገድ ላይ ወድቆበት ሊሞት ነበር አሉ። አልሰማህም?»

ከመኪናዋ ሥር የሳል ድምፅ መጣ። እግራቸው ብቻ ይታየኛል። አንዱ ጫማ ወልቋል። መሬቱ የጠዋቱን ብርድ ገና አልለቀቀም፣ ከሥራቸው ያነጠፉት ካርቶን ብቻ ነው።

ወደ መኪናዬ ሄጄ ፌስታሉን አመጣሁ።

«ጋሼ» አልኩ።

«ቆይ።»

«ጋሼ፣ ይውጡ።»

ቀስ ብለው ወጡ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። አንዱን አነሱት፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። የራሳቸውን ሥራ ለማወቅ አፍታ አልፈጀባቸውም።

«የት አገኘሃቸው?»

«አልወደቁም። እኔ ነኝ ያወጣኋቸው።»

«መቼ?»

«ከሰርጉ በመጣሁ በሳምንቱ፣ እሁድ።»

«እና ‹ወድቀዋል› ስል የት ነበርክ?»

«አጠገብዎ።»

«ቁጭ ስል? ልትሞት ነበር ብዬ መሬት ላይ ቁጭ ስል?»

«አጠገብዎ ነበርኩ ጋሼ። ውሃ ሰጠሁዎት።»

ባለታክሲው ስልኩን ኪሱ ከተተና በደንብ ሊሰማ ተጠጋ።

«ለምን?» አሉ።

«መኪናዋ እንዲህ ስትሆን መታጠፊያ ላይ ትጋደላለች፣ የፊት ጎማዋም ከውስጥ…»

«ስለ መኪናዋ አልጠየቅኩህም! ‹አልፈልግም› ለምን አላልክም? አፍ የለህም?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«እና አሁን ደስ ብሎኛል?»

ባለታክሲው ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ዞረው ሲያዩት አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ መስጊድ ሄዱ። ሰዓቱ ገና እንደነበር አውቃለሁ። ባለታክሲው፣ «አንተ ግን ጤነኛ ነህ?» አለኝ። መልስ ስላልሰጠሁት፣ «ለኔም ዝም!» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሌሎቹ ቆመው ቀሩ።

ጋሼ ሲመለሱ ቁጣቸው ከፊታቸው አልጠፋም፣ ግን በረድ ብሎ ነበር። ክሪኩን በእግራቸው ወደኔ ገፉት።

«ብረቱን አውጣ። አሁን። እያየሁህ።»

አወጣሁ። ሁለት ሰዓት ከግማሽ ፈጀብኝ። ቁልፍ ስሳሳት ያርሙኛል። መጨረሻ ላይ ክሪኩን ሳወርደው መኪናዋ በጎማዎቿ ላይ ቁጭ አለች። ዞሯት አንድ ጊዜ። ከኋላ በኩል ቆመው ትንሽ አዩአት።

«አታምርም አልልም» አሉ። «ለኛ መንገድ ግን ሞኝነት ነው። ይኼ የኔ ሐሳብ ነው፣ ደስ ካላለህ እንደ ሰው ንገረኝ።»

«ደስ አላለኝም ጋሼ።»

«ጎበዝ። አንድ ተማርክ። አሁን ደግሞ የጠራኋቸውን ሰዎች ስም እሰጥሃለሁ። ሄደህ በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ‹ጎማው አልወደቀም፣ የሽማግሌው ሥራ ደህና ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ› ትላለህ። በስልክ አይሆንም፣ በጽሑፍ አይሆንም። በአፍህ።»

አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚገኙት ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሱቄን በጊዜ እየዘጋሁ ሦስት ቀን ዞርኩ። ተናግሬ በማላውቀው መጠን ተናገርኩ። አንዱ ሳቀብኝ። አንዱ «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አለኝ። አንዱ ከመጀመሪያው አንስቼ እንድነግረው፣ ከዚያም ለወንድሙ እንድደግምለት አደረገኝ። ሰውየው ዕረፍት ላይ ስለነበር ተመችቶታል። እኔን ግን በሦስተኛው ቀን ታሪኩ ራሴንም ሰለቸኝ።

የመጨረሻዋ ቅመም የሚነግዱ ሴትዮ ናቸው። ቤታቸው ስሄድ አላገኘኋቸውም፣ እሳቸው ራሳቸው መኪናቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ጋሼ በሌላ መኪና ሥር ነበሩ። ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገር ከነምክንያቱ፣ ከነሴንቲሜትሩ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አይ ልጄ፣ እንዲህ ጠንቅቀህ ታውቀዋለህ እንዴ!» አሉኝ። «በል እንግዲያው የኔን አንተው ሁለት ሴንቲ ጨምርልኝ። እኚህ ሽማግሌ እንኳ ደክሟቸዋል፣ ከመሬት ላይ ይነሱ። ቅዳሜ ላምጣት?»

መኪና ከፍ ማድረግ የማልወድ ሰው ነኝ። ይህንኑ ለአሥራ አንድ ሰው ስናገር ከርሜአለሁ። ሴትዮዋ ግን የያዙትን ትንሽ የበርበሬ ጥቅል እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ «ለናትህ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩ። «ቅዳሜ ያምጧት።»

ከመኪናው ሥር ቁልፍ ሲወድቅ ተሰማ። «ያ ረቢ!» አሉ ጋሼ።